አይጥ አጥማጇ ልጄ

አዲስ አበባ፣ ቦሌ
ኅዳር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ ለዘርፌ፣

የሃቫና ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ወርቅዬም ጤናዋ ጥሩ ነው፤ እኔን ግን ማናገር ትታለች። ለምን እንደተኮራረፍን ልነግርሽ ስጀምር ስተው ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ከመሄድሽ በፊት፣ «አባባ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ከገብረሃንስ ቤት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ በደንብ ይቀበሉልኝ» ብለሽኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ሽማግሌ ብቻዬን መቀበል ደግ አይደለም ብዬ ጎረቤታችንን ሽፈራውን አጠገቤ አስቀምጬ ነበር። ያጠፋኝም እሱ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ምን አደረገ?

ለሽፈራው፣ ለማኅበሩም ሁሉ፣ ልጄ ኩባ የሄደችው የሰው ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ አውርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ተሸክመሽው ትወጪ የነበረውን የወጥመድ ሣጥን እንኳ «የመድኃኒት ዕቃ ነው» ስል ነው የኖርኩት። የሄድሽው አይጥ ስለሚያስተላልፈው በሽታ ልታጠኚ መሆኑ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የገብረሃንስ አጎት አቶ ገብረትንሣኤ ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ በወጉ ተናግረው ሲያበቁ ፈገግ አሉና፣ «ልጃችን ስለ ልጅዎ ሥራ ሲያወራ አይጠግብም። የሜዳ አይጥ ታጠናለች አሉ። እስቲ እርስዎ ደግሞ ያጫውቱን» አሉኝ።

ሽፈራው ዞር ብሎ አየኝ። እኔም፣ «የምን አይጥ? ልጄ ሐኪም ናት። በዚህ ቤት አይጥ የሚነካ ሰው የለም» አልኩ።

አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። «አይጧ ራሷ አትታመምም አባባ፤ ቫይረሱን ይዛ ዕድሜዋን ትኖራለች» ያልሽኝን አልረሳሁም። ወንዶቹ ሲጣሉ እየተናከሱ እንደሚያጋቡት፣ ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ሣሩ ፍሬ ሲይዝ እንደሚበዙ፣ ከመገናኛ ወዲያ ያለው ገብስ ሲታጨድ ደግሞ መብል ፍለጋ ወደ ሰው ቤት እንደሚገቡ ነግረሽኛል። ሽንታቸው ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲነሳ ሰው ይተነፍሰዋል ብለሽኛል። ከኩባ በላክሽው ደብዳቤ በዚያ ወገን ባሉ የሐሩር አገሮች ደን ሲመነጠር ወደ እርሻ ስለሚጎርፉት የሩዝ አይጦች የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እናትሽ ዕቃ ቤቱን ልትጠርግ ስትነሳ፣ «መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቺ፣ ውሃ ርጪበት» እያልኩ የማስቸግራትም እኔው ነኝ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የካድኩሽ።

«እንግዲያው ተሳስተናል» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ። «የእኛ ልጅ አይጥ አጥማጅ ነው፤ ገብስ ማሳ ውስጥ ወጥመድ ሲያነሳ የሚውል። ለሐኪም አይመጥንም። ይቅርታ ያድርጉልን።» የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ቤት እንዳልተሳሳቱ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እስከ በር ስሸኛቸው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እናትሽ ከጓዳ ወጥታ፣ «ልጄን በቁሟ ቀበርካት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምግቤን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።

ዘርፌ፣ አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ በገዛ ቤቴ የምገባበት አጣሁ። የሴት አባት የወንድ ቤት ደጅ ሲጠና አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ ትናንት ግን ተነሳሁ። ብቻዬን መሄድ ፈርቼ ሽፈራውን ለመንኩትና መንገድ ላይ እውነቱን ነገርኩት። «አይ መኩሪያ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ዶክተር ዶክተር ስትለን!» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ቢሆንም አልተመለሰም፤ አብሮኝ ሄደ።

በሩን የከፈቱልን የአቶ ገብረትንሣኤ ባለቤት ወይዘሮ ብርኽቲ ናቸው። «ማን ልበል?» አሉኝ።

«የአይጥ አጥማጇ አባት መጥቷል ይበሏቸው።»

አስገቡን። ተቀመጡ ሳይሉኝ እዚያው ቆሜ ስለ ሥራሽ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ስለ አይጦቹም፣ ስለ ቫይረሱም፣ ስለ ገብሱ ማሳም። አቶ ገብረትንሣኤ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ለካ በደንብ ያውቁታል» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይቅርታዬን ተቀብለዋል። ገብረሃንስ ግን ነገሩን ሲሰማ፣ «ሳትፈልገኝ ቀርታ ነው፤ በአባቷ በኩል መልሳኛለች» ብሎ ቆርጧል አሉኝ። አባት ከልጁ ሳይመክር እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል ብሎ ማመን አልቻለም። ላገኘው ጠይቄ ነበር፤ ሊያየኝ አልፈለገም።

ስለዚህ አንቺው ጻፊለት፣ ልጄ። ከልብሽ ከሆነ ቶሎ ጻፊለት። አባባ ታሞ ነበር፣ ጆሮው አልሰማ ብሎ ነበር እያልሽ እኔን ለመሸፈን እንዳትሞክሪ፤ ደግነትሽን ስለማውቅ ነው። አባቴ በእኔ አፍሮ ነው በይው። ሌላውን ምክንያት አያምንሽም።

ፈጣሪ እጅሽን ከንክሻ፣ ሳንባሽን ከአቧራ ይጠብቅልኝ። ያሰብሽውን ሁሉ ያሳካልሽ።

አባትሽ
መኩሪያ