ከደንቆሮ ጫካ መልስ

ጥር 16 ቀን 2003

ዛሬም ጉርድ ፎቶ። ሁሉም ልጃገረዶች፣ ሁሉም ለፓስፖርት። “አትሳቂ፣ ጆሮሽ ይታይ” ስል ዋልኩ። አንዷ “ኩዌት እንዴት ነው?” አለችኝ። “ሙቀት ነው” አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ስቱዲዮው የወንድሜ የሙሐሲን ነው። ከኩዌት ከመጣሁ ወዲህ አብሬው እሠራለሁ። ትናንት እግሩ ወለም አለውና “በእኔ ፋንታ ሂጂ” አለኝ። ለወረዳው ካላንደር ደንቆሮ ጫካንና አፋፉ ላይ ያለውን መንደር የሚያነሳ ቡድን አለ። እናቴ ደስ አላላትም። “ደላላው ቪዛው በቅርብ ይደርሳል ብሏል። ብትጠብቂ አይሻልም?”

ለሁለተኛ ጊዜ አረብ አገር ልሄድ ነው... እሺ ያልኩትም እኔው ነኝ። ለምን እሺ አልኩ?

ጥር 20

ደረስን። የቡድኑ አለቃ ከወረዳ የመጡት አቶ ምንይችል ናቸው። ካሜራ የያዙ ሁለት መምህራን አሉ፤ የጫካው ጠባቂ አራጌ ይመራናል። ሴት እኔ ብቻ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሣሩ ላይ ውርጭ... ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጅብራ ተክሉ መሃል ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጠጋ ብልም ግድ የላቸውም። የወንዱን ጎፈር ነፋስ ሲበትነው አነሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ቀይ ቀበሮ። አራጌ በእጁ “ተኚ” አለኝ፤ በደረቴ ተኛሁ። አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ቆማ፣ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ... እሷ አይጧን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን። ዘለለች። ያዘች። ሄደች። ጥሩ አንስቻት እንደሆነ እንኳ ወዲያው አላየሁም። እዚያው ተኝቼ ቀረሁ። አገሬ ከገባሁ ደረቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ጥር 21

መንደሩ ገብስ እየወቃ ነው። ወንዶቹ ፎቶ ለመነሳት እሺ አሉ። ሴቶቹ ግን መምህራኑን ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። “እሷ ታንሳን” አሉ።

እትዬ ሸጋዬ የሚባሉ ሴት ለብቻዬ ጠሩኝ። “እኔን አቁመሽ ቤቱም እንዲታይ አድርገሽ አንሺኝ።” አዲስ ቆርቆሮ ቤት። “ልጄ ሐረግ ናት ያሠራችው። ቤይሩት ናት። አላየችውም፣ እልክላታለሁ።”

አነሳኋቸው። አልሄዱም።

“አረብ አገር ነበርሽ አሉ።”

“አዎ እትዬ፣ ኩዌት።”

“ሐረግ ስትደውል ደህና ነኝ ትለኛለች። ሌላ ነገር አትለኝም። ደህና ናት?”

“ደህና ናት፣ አብሽሩ” አልኳቸው።

ምን አውቄ? ቀኑን ሙሉ ሌላ ፎቶ አላማረልኝም።

ጥር 22

መኪናው ሳይነሳ ወደ እትዬ ሸጋዬ ቤት ተመለስኩ። በር ላይ ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው።

“ስትደውል ደህና ነሽ ወይ አይበሏት” አልኳቸው። “የት እንደምትተኛ ይጠይቋት። ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ። ከቤት ወጥታ ታውቅ እንደሆነ።”

ሰፌዱን አስቀመጡ። “አንቺስ የት ነበር የምትተኚው?”

ነገርኳቸው... ኩሽና ውስጥ፣ ወለሉ ላይ። አሠሪዎቼ ለበዓል ቆልፈውብኝ እንደሄዱ። የተውልኝ ቂጣ እንዳለቀ። በመስኮት ስጮህ ጎረቤት ሰምቶ ፖሊስ እንደጠራ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

“እናትሽ ታውቃለች?”

“ኮንትራቴ አልቆ ነው ያልኳት።”

“ንገሪያት እንጂ ልጄ። ያላወቀችውን እንዴት ትሸከምልሽ?”

አቶ ምንይችል ከሩቅ ይጣራሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ሄድኩ።

ጥር 24

ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

“እንደገና ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ” አለች።

“አላወቅሽማ።”

ሽንኩርቱን እኔ ጨረስኩት።

ጥር 25

ሳትነግረኝ ለብሳ ደላላው ቤት ሄደች። ፓስፖርቴን ይዛ ተመለሰች። “ያንቺ ነው” ብላ እጄ ላይ አኖረችው። ደላላው ምን እንዳላት ጠየቅኳት። “ተይው” አለች።

የካቲት 3

ቀበሮዋ ለካላንደሩ ተመረጠች! ሙሐሲን እያነከሰ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳያል።

የካቲት 26

እትዬ ሸጋዬ ገበያ መጥተው ስቱዲዮ ገቡ። ሐረግ ደውላ ነበር። “የት ነው የምትተኚው?” ሲሏት አለቀሰች... ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ጋ ነው። ከእንግዲህ ምን እንደሚደረግ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። አቶ ምንይችል አዲስ አበባ ይህን ጉዳይ የሚከታተል ዘመድ አላቸው፤ ነገ አብረን እናነጋግራቸዋለን። ሐረግ መቼ ትወጣ ይሆን? አላህ ያውቃል።

እናቴ ለሙሐሲን ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ልጅ ለፓስፖርት እያነሳሁ ነው።

“የእኔም ልጅ ኩሽና ወለል ላይ ነበር የምትተኛ” ስትል ሰማኋት። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። “ቆልፈውባት ሄደው በአላህ ነው የተረፈች።”

ለሰው መናገሯ ነው? እጄ ካሜራው ላይ ቀረ።

“ማን ናቸው?” አለችኝ ልጅቷ።

“እናቴ ናት። ስለ እኔ ነው የምታወራው።”

ፎቶዋን አነሳኋት። “ጨርሰናል” አልኳት። ከወንበሩ አልተነሳችም። ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አድርጋ ትሰማለች።

አላስነሳኋትም።