የዘውዴ ድምፅ በሦስተኛው ፎቅ

ራሕማዬ፣

አንቺ ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ደርበሻል፤ እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ላቤን እየጠረግሁ እጽፍልሻለሁ። እዚህ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ኩባንያ የሕንፃውን ሦስተኛ ፎቅ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አድርጎታል። አንዱ ክፍል ውስጥ ሥዕል የለም፤ ማሽላ ማማ ላይ ሆነው ወፍ የሚያባርሩ የዚሁ የቀወት ወረዳ ገበሬዎች የተቀዳ ድምፅ ብቻ ይሰማል። አጠገቤ እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ፣ ማሾ ሊሸጡ የመጡ እናት ነበሩ። ድንገት ግድግዳውን ተደገፉና «ዘውዴ! ይሄ የኔ ዘውዴ ነው!» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እትዬ የባላቸው ድምፅ መቀዳቱን አያውቁም ነበር። ጥበቃው ወንበር አመጣና «ይቀመጡ እትዬ፤ እስኪበቃዎት ደጋግሜ አሰማዎታለሁ» አላቸው። ሰሙ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ «ወፏንም ልክ እኔን እንደሚቆጣኝ ነው የሚቆጣት» ብለው ሳቁ።

አባቴ ታሞ ሳለ ሲያጫውትሽ በስልክሽ ስለቀዳሽው ተቆጥቼሽ ነበር። ካለፈ ወዲህ ሲናፍቀኝ የምሰማው ያንኑ ነው፤ አመሰግናለሁ ግን ብዬሽ አላውቅም።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። የእናትሽን የእማማ ሙሀባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ወንድምሽን ሳልህንም ሰላም በይልኝ። ያን ቀን የነፈግሁሽን ምስጋና ዛሬ ተቀበይኝ፣ እህቴ።

እመቤት