የክፉ ቀን መሳቢያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5። የጠዋት ቆጠራ፦ አንገት አራት፣ ትከሻ አምስት፣ ጣት ሦስት። እንቅልፍ፣ ተቆራርጦ ስድስት ሰዓት። በመሳቢያው ያለ፣ አርባ አንድ ፖስታ።

ይድረስ ለማከብርዎት እትዬ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ደረጃ ላይ ማስቸገሩን ተወ ወይስ እንደ አመሉ ነው? ባለቤትዎን ጋሼንስ ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ደኅና ነን። ከላይ ያለውን ቁጥር አይተው እንዳይደነግጡ፤ ከዕለት መዝገቤ የገለበጥኩት ነው። ድሮ የምጽፍበት የዕቃ ቆጠራ ብቻ ነበር፤ አሁን ገላዬንም አብሬ እቆጥራለሁ። ዜሮ ማለት ምንም የለም፣ አሥር ማለት ከአልጋ አልነሣም ማለት ነው። አራትና አምስት ለእኔ ደንበኛ የሥራ ቀን ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጋሼ ሱቁን የሚገዛ ሰው እንዳገኙልኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን እንዳሳውቅዎት፣ ከዚያም ቤተሰቤን ይዤ እርስዎ ዘንድ እንድገባ ጽፈዋል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና ቃልዎን በዋዛ አላየውም። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የሆነውን ልንገርዎት።

ሐኪሙ ለሕመሜ ስም ካወጣለት ዓመት ሊሞላው ነው። ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። በራጅም በደም ምርመራም አይታይም፤ ግን ገላን ሙሉ ያማል፣ ተኝተው ቢያድሩም ድካሙ አይወጣም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ጭጋግ ይገባል። አይገድልህም፣ ጨርሶም አይለቅህም፣ አኗኗሩን ልመድ አለኝ። ሳያሽሞነሙን ቁርጡን ስለነገረኝ ወደድኩት።

አስቸጋሪው ነገር ክፉ ቀን ሳይቀጥር መምጣቱ ነው። እንደሚያውቁት የምሸጠው የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ነው። በክፉ ቀን ጣቶቼ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ከሣጥኗ ማንሣት ያቅታቸዋል። ፊት ለፊቴ ያለው ልብስ ሰፊ፣ መነጽሬ የምንለው፣ ይስቅብኛል፤ በሬ የሚያህል ሰውዬ ቁልፍ ከበደው ብዬ ባወራ ማን ያምነኛል ይለኛል። አንድ የጭጋግ ቀን ለሸሚዝ ብሎ ሲጠይቀኝ የካፖርት ቁልፍ ሰጠሁት። ወዲያው ተመልሶ መጣና ይሄ ሸሚዝ ለዝሆን ነው ወይ አለኝ። ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ደነገጠ። ቁልፍ የማይለይ ቁልፍ ነጋዴ ምን ይሠራል?

ከዚያ በኋላ ነው መሳቢያውን ያዘጋጀሁት። በደኅና ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቁልፍ እየቆጠርኩ በትንንሽ ፖስታ እከታለሁ። ከፖስታው ውጭ አንዲት ቁልፍ ለናሙና እሰፋለሁ። ደንበኛው አይቶ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔ አንሥቼ እሰጣለሁ፤ ማስታወስ የሚባል ነገር የለም። የክፉ ቀን መሳቢያ ብላ ስም ያወጣችለት ልጄ ናት።

ታዲያ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ ዩኒፎርም ላይ ተጠምዶ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ብቆጥር አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ። እንዲህ ያለ ቀን ሳገኝ ስስት ይይዘኛል። ሁለት መቶ ፖስታ ሞላሁ፤ አልበቃ ብሎኝ መሰላል ላይ ወጥቼ የዚፕ ካርቶኖቹን ሁሉ ከላይኛው መደርደሪያ አወረድኩ። ባለቤቴ ነገም ቀን ነው ብትለኝ አልሰማኋትም። በማግስቱ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። አራት ቀን ተኛሁ። ለክፉ ቀን ስሰናዳ ክፉውን ቀን እኔው ጠራሁት።

ሱቁ ዓይኔ እያየ ሊጠፋ ነው፣ እኔም አለቀልኝ ብዬ የጻፍኩልዎት ያን ጊዜ ነው፣ በሦስተኛው ቀን፣ ተኝቼ። ገዢ ያፈላለጉልኝ ያንን አንብበው ነው። አልፈርድብዎትም።

እኔ ያላወቅሁት፣ ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከፍታ ወደ ሥራዋ ትሄድ ኖሯል። መነጽሬ ከስፌት መኪናው ሆኖ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሲመጣ ተነሥቶ መሳቢያውን ይስባል። ሁለት መቶው ፖስታ አራቱን ቀን አደረሰን። አንድም ሰው የተሳሳተ ቁልፍ ይዞ አልሄደም። ስመለስ መነጽሬ፣ መሳቢያህ ካንተ ይሻላል፣ ነገር አያበዛም አለኝ።

ስለዚህ መሳቢያው ልክ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አሁን በቀን አሥር ፖስታ ብቻ እሞላለሁ፣ ገላዬ ደኅና ቢሆንም። የወጥ ቤቱን የደወል ሰዓት ባንኮኒው ላይ አስቀምጫለሁ፤ ሲጮህ የያዝኩትን አስቀምጬ እነሣና የገበያውን መተላለፊያ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። ቤት ደግሞ ከአልጋዬ አጠገብ አንድ ዘንቢል አለ፦ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ፣ መጠቅለያ ፎጣ፣ መድኃኒቴ፣ ቁልፍ የሌለው ሰፊ ሸሚዝ። መነጽሬ ስለ ሸሚዙ እንዳይሰማ። አንድ ወረቀትም አለበት፤ አፌ ቃል ሲያጣ ለባለቤቴ የማሳያት። ዛሬ ክፉ ቀን ነው፣ ሐኪም አያስፈልግም፣ ሻይና ዝምታ ይበቃኛል ይላል።

ክፉ ቀን ቀርቷል ብዬ አልዋሽዎትም። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ መጥቷል። አንዱን ጣሪያ ሳይ ዋልኩ፤ አለቀስኩም። ግን ደብዳቤ አልጻፍኩም። ስምንት በሆንኩበት ቀን ምንም እንዳልቆርጥ ለራሴ ደንብ አውጥቻለሁ። አንድ በሆንኩበት ቀንም እንደዚያው፤ ያም ቀን ያታልላል።

ዛሬ አራትና አምስት ነኝ። መልሴም ይኸው፦ ሱቁን አልሸጥም። እንዳይቀየሙኝ። ጋሼም ሰውየውን አመስግነው ያሰናብቱልኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም ለጥየቃ እንመጣለን፤ ሻንጣዬን ግን ሌላ ሰው ይሸከማል።

ጋሼን እጅ ይንሡልኝ። ትልቁን ልጅዎን በርታ ይበሉልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ባለቤቴ በብዙው ሰላም ትላለች። ልጄ ከሰማያዊው ሹራብዎ የወደቀችውን ቁልፍ አምሳያ ፈልጋ አግኝታለች፤ ይኸው ቁልፏን ከደብዳቤው ጋር በፖስታ ልኬልዎታለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ፣ ከሱቄ፣ ከባንኮኒው ኋላ።

የነገ ሥራ፦ ጠዋት አናጺው ጋ መሄድ። ላይኛው መደርደሪያ ወደ ወገብ ይውረድ። መሰላሉን ለእሱ መስጠት።