ለስፔኑ እንግዳ ወይን ስመርጥ

ሰኞ

"ዓርብ ለምሳ ስፔናዊ እንግዳ አለን፤ የአገሩን ወይን ነው የምናጠጣው" ይለኛል ጓድ ታደለ፣ ልክ እሱ እንደጠመቀው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከተሾመ ገና አምስተኛ ወሩ ነው። ሹካና ቢላ በየት በየት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ የሚጠይቀው እኔን ነው።

እንግዳው ቡና ገዢ ነው። የቡ የሚባለው የቡና አገር ሄዶ የዘንድሮውን ቡና አይቶ ሲመለስ እዚህ ይበላል። "ደስ ብሎት መሄድ አለበት። ካላለው ግን አስካለ፣ ማን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ" አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከእኔ በፊት የነበረው የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ለእንግዳ የተበላሸ ሥጋ አቀረበ ተብሎ፣ አሻጥረኛ ተብሎ፣ ሁለት ወር ታስሯል። ፍሪጁ እኮ ነው የተበላሸው! ማን ይስማው።

ዕቃ ቤት ገብቼ ከስኳር ጆንያው ጀርባ አገኘኋቸው። ሆቴሉ ሲወረስ ግሪኩ ባለቤት ጥሎት የሄደው የስፔን ወይን ነው። ስድስት ጠርሙስ፣ ሦስት ዓይነት፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት፦

ግንብ የተሳለበት፤ ወረቀቱ እንደ ሠርግ ጥሪ የሚያብለጨልጭ።
በሬ የተሳለበት።
ምንም ያልተሳለበት፤ ወረቀቱን አይጥ የቀማመሰችው። ወደ ብርሃን ሳነሳው ከሥሩ አተላ! ልክ የጠላ አተላ። ኡኡቴ፣ ይሄንንስ ወዲያ።

ማክሰኞ

ጓድ ታደለ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከፍቼ እንድሞክር ፈቀደልኝ። "ብቻ እንዳትሰክሪ!" ይለኛል ደግሞ።

ሞከርኩ። እኔ የማውቀው ጠጅ ነው። እነዚህ ሦስቱም ምላሴን እንደ ጥሬ ሙዝ ያዙት። የቱ ጥሩ፣ የቱ መጥፎ? ሁለተኛ ዙር ስቀምስማ ጭራሽ ተደበላለቀብኝ፤ ጥርሴ ብቻ ጠቁሮ ቀረ። ልጄ አይታኝ "እማዬ፣ ምን በላሽ?" ብላ ሳቀች። የምንተኛባት ክፍል የሆቴሉ መሆኗን፣ እኔ ብታሰር ከዚያ እንደምትባረር እሷ አታስበውም። ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጋሽ ቃሲም ትዝ አሉኝ። ጊንጆ ሰፈር ሳለሁ ጎረቤቴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ቀማሽ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። አንዴ ፉት ብለው ቡናው የማና ወረዳ ይሁን የጎማ ወረዳ፣ በምን እንደተጫነ ሳይቀር የሚናገሩ። ግን እኮ የመስጊድ ሰው ናቸው። በምን ዓይኔ እጠይቃቸዋለሁ?

ረቡዕ

ጠየቅኋቸው።

"አስተግፊሩላህ! እኔን ነው ወይን ልታስቀምሺ የመጣሽው?" በሩን ሊዘጉብኝ ነው ብዬ ነበር። ፊቴን አዩት መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዳው ካልወደደው ያስሩሻል?"

"ፈርቻለሁ ጋሼ።"

"አልቀምስም። በእጄም አልነካም። ግን አላህ ይቺን አፍንጫ ሲሰጠኝ ለቡና ብቻ ነው አላለኝም። ሰው ግን እንዳያየኝ።"

በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም አዳራሽ ሲሯሯጥ፣ በጓሮ በር ዕቃ ቤት አስገባኋቸው። ሽንኩርቱን ከክፍሉ አስወጡ፣ መስኮቱን አስከፈቱ፣ እኔንም ሽቶ ተቀብቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሦስቱን ብርጭቆ ደረደርኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉና አንድ በአንድ አሸተቱ። ፊታቸው ጭምድድ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሦስቱም የኮመጠጠ ቡና ነው። ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ። እኔ ብሆን አንዱንም ወደ ውጭ አልልክም።"

በቃ ታሰርኩ አልኩ። እስር ቤት ይዤ የምገባውን ወፍራም ሹራብ ሁሉ አሰብኩ።

ቆይተው ግን ግንባራቸውን መቱ። "ቆይ ቆይ! እኔም ጅል ነኝ፤ የዚህስ ሥራው መኮምጠጡ አይደል? እኔ እኮ በቡና ሕግ እየጣልኩት ነው!" እያሉ ሳቁ። "ብርጭቆዎቹን እንዳትነኪ፣ እንዳትከድኚ። ነገ እመጣለሁ። ቡናም ትኩሱን ሁሉም ያምራል፤ ጉዱ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው።"

ሐሙስ

መጡ። ግንቡን አሸተቱ፦ "ኮምጣጤ።" በሬውን አሸተቱ፦ "ይሄ ሽታው ጠፍቷል። ውሃ።" ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ መስኮቱ ሄደው ንጹሕ አየር ስበው ተመለሱ። እንደገና ሄደው ተመለሱ።

"ይሄ ገና አላለቀም። ቴምር አለው። አዲስ ኮርቻ አለው። ከሥር ደግሞ ዝናብ የነካው አፈር። ወላሂ፣ ይሄ የደከሙበት ነገር ነው።"

"ጋሼ፣ አተላ አለበት እኮ!"

"ቡናሽስ አተላ የለውም?"



ከሰዓት በኋላ ጓድ ታደለ መጥቶ ባለግንቡን ብድግ አደረገ። "ይሄ ነው! ወረቀቱን እዪው!" ኮምጣጤ ሆኗል አልኩት። "ማን አለሽ?" "ምላሴ" አልኩ። ዋሸሁ። አተላውን ሳሳየው ደግሞ ዓይኑ ፈጠጠ። "ይሄን ቆሻሻ? በራስሽ ኃላፊነት እንደሆነ ጻፊና ፈርሚ።"

ባለግንቡን ባቀርብ ኖሮ ጥፋቱ የእሱ ይሆን ነበር። ይሄን እያወቅሁ ፈረምኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። እልህ ይሁን፣ ሽማግሌውን ማመን ይሁን።

ዓርብ

ያልተከፈተውን ሁለተኛ ጠርሙስ፣ አተላው እንዲረጋ፣ ከትናንት ጀምሬ አቁሜው ነበር። ቡሹ ተፈረካከሰብኝ፤ በማንኪያ ለቀምኩት። ከዚያ እናቴ ጠላ ሳይደፈርስ እንደምትቀዳው አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ ብዬ ወደ ማሰሮ ገለበጥኩት። አተላው ሲመጣ አቆምኩ። ጠርቶ ወጣ።

እንግዳው አጭር ሰውዬ ነው፣ ፀሐይ ያቀላው። የየቡ ጭቃ ጫማው ላይ አለ። ብርጭቆውን አነሳና አሸተተ። አልጠጣም። እንደገና አሸተተ። ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ አቀረቀረ።

ይሄኔ ጓድ ታደለ ብድግ ብሎ "የመረጠችው እሷ ናት!" አለ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ። አስተርጓሚው ተረጎመ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ሌላ ስም አልጠራሁም።

ሰውዬው ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ከአባቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ አልጠጣሁም፤ በምን ለየችው? ይላል" አለኝ አስተርጓሚው።

"በአፍንጫ።"

ከት ብሎ ሳቀ። ብርጭቆ አስመጥቶ ለእኔም ቀዳልኝ። ጓድ ታደለም ወዲያው "ሰፊ ጥናት አድርገን ነው የመረጥነው" እያለ ማስረዳት ጀመረ። አይ ሰው!

ቅዳሜ

ጠዋት ጊንጆ ወርጄ ለጋሽ ቃሲም ሁሉንም ነገርኳቸው። በመጀመሪያ የጠየቁኝ "ስሜን አላነሳሽም?" ነው። "አላነሳሁም።" "አልሐምዱሊላህ።"

እኔ ግን አፈርኩ። ትናንት ሁሉም ያጨበጨበው ለእኔ ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እሳቸው ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። በሩን ገርበብ አደረጉና፣ መሬት መሬት እያዩ፣ በቀስታ ጠየቁኝ።

"ግን... ጣዕሙ እንዴት ነው?"

ሠላሳ ዓመት ለሰው ጣዕም ሲነግሩ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው? ቀምሼዋለሁ፣ ምላሴን ያዘኝ፣ ሞቀኝ፣ በቃ። ሌላ አልለየሁም።

"እንዳሸተቱት ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"ቴምሩም አለ?"

"ቴምሩም አለ።"

"ኮርቻውስ?"

"እሱም አለ።"

ራሳቸውን እየነቀነቁ አየር በአፍንጫቸው ሳቡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። መዋሸቴ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስበው ነበር።