መቃብራቸው ላልተነገረን ተዋናይና ደራሲ ለሙሴ ኦኖሬ ቫልክሯ

ከሩዋን ከተማ ተዋንያን ማኅበር ለአባላት፣ ለቴአትር ቤቱ ሠራተኞችና ለከተማው ሕዝብ

የማኅበራችን አንጋፋ አባል፣ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ሙሴ ኦኖሬ ቫልክሯ ኅዳር 14 ቀን 1764 ዓ.ም. ከምሳ በኋላ በድንገት ዐርፈዋል። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ነበር። ሐዘናችን ከባድ ነው። በእንዲህ ያለ መግለጫ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ማስታወቅ ደንብ ነው፤ እኛ ግን አናውቀውም።

ሙሴ ቫልክሯ በዚሁ ከተማ ከሰው ሠራሽ ፀጉር ሠሪ ቤተሰብ ተወለዱ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የአባታቸውን ማበጠሪያ አስቀምጠው ከአገር አገር ከሚዞሩ ተዋንያን ጋር ሄዱ። አባታቸው ከዚያ ወዲያ አላነጋገሯቸውም።

በ1736 «ደንቆሮው ውል አዋዋይ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ኮሜዲያቸውን አቀረቡ፤ ከተማው አንድ ክረምት ሙሉ ሳቀ። «የወፍጮ ቤቱ ዳኛ»ን ጨምሮ ሌሎች ዐሥራ አንድ ተውኔቶች ተከተሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ደካማ እንደ ነበሩ ራሳቸውም አይደብቁም ነበር።

በ1752 ሙሴ ቫልክሯ፣ መኳንንት መድረኩ ላይ ወንበር አስመጥተው በተዋንያኑ መካከል የሚቀመጡበትን ልማድ አስቀሩ። በዚህ ያፈሩት ጠላት ጥቂት አይደለም።

በ1757 የሰበካችን ደብር ደወል ሲሰነጠቅ፣ ገቢው ለማሠሪያው እንዲውል አንድ ሳምንት ሙሉ ያለ ክፍያ ተጫውተዋል። ደወሉ አሁን ደህና ይደውላል። ለእርሳቸው ግን አልተደወለም።

ምክንያቱን ሕዝቡ ከሌላ ከሚሰማው ከእኛ ቢሰማው ይሻላል። ተዋናይ ሙያውን በጽሑፍ ካልካደ በቤተ ክርስቲያን መሬት አይቀበርም። ስለዚህ ሞት በድንገት ቢመጣብን ብለን፣ እያንዳንዳችን «መድረክን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ፈርመን ከመጋረጃ ጀርባ ቃል ለሚያስታውሱን ለሙሴ ጋስፓር ቱርኔል በአደራ እንሰጣለን። በማግስቱም መድረክ ላይ እንወጣለን። ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ አድርገው በሰላም ተቀብረዋል።

ሙሴ ቫልክሯ ባለፈው በጋ የመጨረሻ ድርሰታቸውን «የሰበካው ጉንፋን»ን ሲጽፉ ወረቀት አለቀባቸው። ከሙሴ ቱርኔል ሣጥን የገዛ ራሳቸውን ወረቀት አንሥተው ጀርባው ላይ ጻፉ፤ በንጹሕ ከገለበጡት በኋላም ወደ ቦታው መለሱት። ባረፉ ዕለት ሙሴ ቱርኔል ወረቀቱን ሳያገላብጡ ይዘው ወደ ደብሩ ሮጡ። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው፤ አንድም ሰው ጀርባውን ለማየት አላሰበም።

የሰበካው ቄስ ግን አዩት። ቄሱና የሟቹ ባለቤት ማዳም ሲልቪን ቫልክሯ የተነጋገሩትን ሙሴ ቱርኔል በጽሑፍ ይዘውታል፦

«ምንድን ነው ይሄ? በዚህ በኩል ትቻለሁ ይላል፤ በዚያ በኩል ቄሱ ስብከት መሐል ያስነጥሳል!»

«አባቴ፣ ወረቀት አልቆበት ነው እንጂ በክፋት አይደለም። ሲብስበት እኮ የገበታ ጨርቅ ላይም ይጽፋል።»

«እንግዲያውስ በገበታ ጨርቁ ገንዙት!»

ቄሱ በዚህ አላበቁም። የሁላችንንም ወረቀት ለማየት ፈልገው አስመጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልመለሱልንም። ዛሬ ከማኅበሩ አባላት መካከል ቢሞት የሚቀበር አንድም ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የከተማው ፖሊሶች አስከሬኑን በገለባ ጋሪ ጭነው ወሰዱት። ከከተማው ወደ ሜዳ እስከሚያስወጣው የግንብ በር ድረስ ተከተልን። በሩ ላይ አለቃቸው አስቆመንና «በቃ፣ ተመለሱ። ምን አስቸኮላችሁ? ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለሁላችሁም ይበቃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዎች በቴአትር ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ከእኛ ማን እንደሚያስልና ማን እንደ ከሳ ይጠይቃሉ። ማን እንደ ላካቸው አይናገሩም።

ማዳም ሲልቪን ራሳቸው የዚህ ማኅበር ተዋናይት ሲሆኑ፣ ከመስከረም ጀምሮ ደም ያስላቸዋል። ሐኪሙ ለፋሲካ እንደሚደርሱ ተስፋ አልሰጠም። ትናንት ከቄሱ መልእክት ደርሷቸዋል፦ በመጪው እሑድ ቅዳሴ ላይ በሕዝብ ፊት ቆመው መድረክን በአንደበታቸው ከካዱ፣ የባለቤታቸው አስከሬን ከሜዳው ወጥቶ በደብሩ ቅጽር ይቀበራል፤ አጠገቡም ለእርሳቸው ቦታ ይቆያል። እንቢ ካሉ ሁለቱም በየሜዳው ይቀራሉ። ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ቢሄዱ ማንም ሰው እንዳይወቅሳቸው በአንድ ድምፅ ወስኗል። ውሳኔውንም አድርሰንላቸዋል፤ እንዲሄዱም ለምነናቸዋል። አብዛኞቻችን በእርሳቸው ቦታ ብንሆን እንሄድ ነበር።

«የሰበካው ጉንፋን» በታኅሣሥ ወር ለሕዝብ ይቀርባል። የተከለከለ እንደ ሆነ ተከለከለ ብለን እናስታውቃለን።

ማኅበሩ ለማዳም ሲልቪን፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸውና ሙሴ ቫልክሯ ለሃያ ስምንት ዓመት ላሳቁት ሕዝብ መጽናናትን ይመኛል። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ወደ ቴአትር ቤቱ ይምጣ፤ በሩ ላይ ላሉት ሰዎች ስሙን ለመናገር አይገደድም።

ይህ መግለጫ ሊወጣ ሲል ከማዳም ሲልቪን መልስ መጥቷል። ስለ ቄሱ መልእክት ምንም አላነሡም። የጠየቁት «እሑድ ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?» ብለው ብቻ ነው። እንደ ቅዳሴው ሁሉ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መሆኑን ነግረናቸዋል። መድረኩ ላይ ወንበር እንዲቀመጥላቸውም ታዟል፤ ከእንግዲህ ቆመው መጫወት አይችሉም።