የጂራ ነጭ ጤፍ

ሰኔ 20 ቀን 1982፣ ጊንጪ
ዛሬም ዘነበ። ጎመን ተከልኩ። የዘሩን ጣሳ ከቆጥ አውርጄ መልሼ ሰቀልኩት። ልጄ ጂራ ወደ ግንባር ሲሄድ የሰጠኝ ዘር ነው። ነጭ ጤፍ፣ አንድ ቀይ ፍሬ የሌለበት። ሦስት ዓመት ዘለላ በዘለላ እየመረጠ ያጠራው። እሱ አልተመለሰም... መርዶው ከመጣ ዓመት ሆነ። ብዘራው ምን ይቀረኛል?

ሐምሌ 18
ዘራሁት። ዘር ያረጃል ይል ነበር ጂራ። እኔን እናቱን አዴ እያለ ይመክረኝ ነበር፦
"አዴ፣ የውጭ አገር ገዢ ጆንያውን ሲፈታ ላዩም ታቹም አንድ ዓይነት ይፈልጋል። ቀይና ነጭ እየቀላቀልን ማን ይገዛናል?"
እስቅበት ነበር። ያኔ መንግሥት እህሉን በኮታ ይወስደው ነበር፤ ለማን ብለን እናጥራ? ዘንድሮ ግን ኮታው ቀርቷል...

ጥቅምት 3
ዘለላ አወጣ። ቀላ ያለውን ሁሉ ነቀልኩ። ጎረቤቴ ኦቦ ተሬፋ ከአጥር ማዶ፦ "ጤፍ ታርሚያለሽ ወይስ ሙሽራ ትኩያለሽ?"
ሳቅኩ። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ይሆን?

ታኅሣሥ 12
ደቦ ወጣልኝ። ምሳቸውን ይዤ ስደርስ... የእኔን ነዶ ከተሬፋ ቀይ ጤፍ ጋር በአንድ አውድማ ዘርግተው በሬ ይነዱበታል!
"ለብቻሽ ምን ያደክምሻል ብለን ነው" አለ ተሬፋ።
በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጮህኩ። "ልጄን ነው የቀላቀላችሁት!"
በሬዎቹን አቆሙ። ከክምሬ ሲሶው ገና አልወረደም ነበር።

ታኅሣሥ 13
ጠዋት ብወጣ ተሬፋ ራሱ አዲስ አውድማ ይለቀልቃል። እበት እስከ ክርኑ። ሚስቱ ሸዋነሽ በሳቅ ልትሞት።
"አንድ ቃል ብትናገሪ እጄን በነጠላሽ ነው የማብሰው" አላት።
የተረፈውን ለብቻው ወቃን። ነጭ... ጣሳው ውስጥ እንደነበረው ዘር።

ጥር 4
የተቀላቀለውን በሰርገኛ ዋጋ ሸጥኩ። ከነጩ አንድ እፍኝ ለነጋዴው ለኤጄታ አሳየሁት። መዳፉ ላይ እፍ አለበት፣ አገላበጠው።
"ስንት ኩንታል አለሽ?"
"ሦስት ቁና።"
"ምን ያደርግልኛል! ቀበሌው ሁሉ እንዲህ ቢያመርት ግን መርከብ ላይ የሚወጣ እህል ነው።"
ጂራን የሰማሁ መሰለኝ። ታዲያ ብቻዬን ይዤው ምን ሊሆን ነው?

ሐምሌ 10 ቀን 1983
ጦርነቱ አበቃ አሉ። ለስንቱ እናት ዘገየ...
ዘሩን በጂራ ጣሳ እየሰፈርኩ ለሰባት ቤት አከፋፈልኩ። ሁሉም በየራሱ አውድማ ሊወቃ ቃል ገባ። ተሬፋ ቀድሞ ተሰልፎ፦ "ለእኔ ግን ዘሩን የምትሰጪኝ ከእበት የጸዳ እጄን አሳይቼ ነው?" አለ።
ጣሳው ባዶ ሆነ። አጥቤ ውኃ ጠጣሁበት።