ወንድሜን ያገኘሁት ጨዋታ ውስጥ ነው

ሐሙስ፣ ግንቦት 17 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም። የማገኘው ኢንተርኔት ቤት ሄጄ፣ በተኩስ ጨዋታው ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬ ተጫዋቾች ተባብረው ኮምፒውተሩን የሚገጥሙበት አዲስ ዓይነት ጨዋታ ስለመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ተሰለፍን። ተመቶ ሲወድቅ ሮጬ አነሳሁት። «ጎበዝ!» ብሎ ሲስቅ በማዳመጫው ሰማሁት።

«አባባ በጣም ታመዋል፤ ስምህን ይጠራሉ። ና እንጂ» አልኩት።

«ከኋላዬ ጠብቀኝ፣ ጠላቶቹ እየመጡ ነው» አለኝ።

አሸነፍን። «መቼ ትመጣለህ?» ስለው ከጨዋታው ወጣ።

ቤት ስገባ አባባ ከመኝታቸው ቀና ብለው «አገኘኸው?» አሉኝ።

«አላገኘሁትም» አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ነገም ይጠይቁኛል።